ያልተዘጋው ለቅሶ

ሰው ከአገሩ የሚሰደደው በሌሊት ነው ይላሉ። እኛ ግን የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ እያየን ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ ከፊት፣ እኔ አንድ ፌስታል ይዤ ከኋላ። ዘዴው የእሱ ነበር። «በሌሊት የሚሄድ ሰው ይጠረጠራል፤ መሰንቆ የያዘ ሰው ግን የትም ቢሄድ ሰርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነቱን ነበር። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ የታየ ወጣት ሁሉ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ይባላል። እኛን ግን ሰው እየሳቀ ነው ያሳለፈን።

ከአሸተን ማርያም ሥር ካለው ሰፈራችን ወርደን መኪና መንገዱ ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ አገኙን።

«ሰርጉ የት ነው ልጆቼ?»

«ኩልመስክ ነው አባቴ» አለ ሲሳይ።

«ማን ነው የሚያገባው?»

ሲሳይ ስም አላዘጋጀም ነበር። «እኔው ነኝ» ብሎ ሳቀ።

ሽማግሌው አልሳቁም። መሰንቆውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፌስታሉን አዩ። «ሙሽራን ሰው ያጅበዋል እንጂ ራሱን ሲያጅብ አይቼ አላውቅም» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ማርያም ትከተላችሁ።» አህያዋን መታ አድርገው ሄዱ። ሲሳይ እስከ ኩልመስክ ድረስ በእሳቸው አነጋገር ሲቀልድ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ይህን የምጽፍላችሁ አገር ቤት ላላችሁትም፣ እንደ እኔ በሰው አገር ላላችሁትም ነው። መጻፍ አልችልበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ውጤት ያልመጣልኝ ሰው ነኝ። ግን መጻፍ ካልጀመርኩ የምፈራው ነገር አለ። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እናቴ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ከእሷ ነው የሚጀምረው። እናቴ አልቃሽ ናት። በእኛ በኩል ሰው ሲሞት ግጥም እየደረደረች ሰውን የምታስለቅስ ሴት ትፈለጋለች። እናቴን ከነአኩቶ ለአብ ማዶ ሳይቀር በቅሎ ልከው ይወስዷታል። ሬሳው አጠገብ ትቆማለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ የሟቹን ነገር ታወጣዋለች። ያወጣችውን ግጥም ሁለተኛ አትለውም። «ያችን እንደገና በያት» ብለው ቢለምኗት «ከሰውየው ጋር ሄዳለች» ነው መልሷ። ሌላም ደንብ አላት። ይሄ የእሷ ደንብ ነው፣ የአገሩ ሁሉ ነው አልልም። የከፈተችውን ለቅሶ ትዘጋዋለች። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ለዚያው ሰው የመዝጊያ ግጥም ብላ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ትፈታለች። ያኔ ብቻ ነው እህል የምትቀምሰው።

ወንድሜ ግጥምን የተማረው ከእሷ ነው። ልጆች ሆነን ወደ አሸተን ሽቅብ ስንወጣ በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ማለት እንደምንችል ታስሞክረን ነበር። «ግጥም ዳገት ነው» ትላለች። «ግማሹ ቤት ላይ ትንፋሽ ካጠረህ ግጥሙ ረዝሟል ማለት ነው።» ሲሳይ ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ዳገት እየወጣ እንጂ ቁጭ ብሎ ግጥም ሲያወጣ አላየሁም። መሰንቆ ጀመረ፣ ሰው «የገበሬ ልጅ አዝማሪ ሆነ» ብሎ አማው፣ እሱ አልሰማም። ላሊበላ ከተማ ጠጅ ቤት መጫወት ጀመረ። እኔ ተቀባዩ ሆንኩ። እሱ ይላል፣ እኔ መልሼ እላለሁ። የእኔ ሥራ ያ ብቻ ነበር።

አባቴ የሞተው እንግዳ ከከተማው በጠፋበት፣ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። ጥይት አይደለም የገደለው። በማለዳ በሬዎቹን ሊያወጣ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ወደቀ። እናቴ ብርዱ ቀስቅሷት ስትነሳ በሩ እንደተከፈተ ነበር። በቀብሩ ላይ የራሷን ባል አለቀሰችው። ከብዙው ውስጥ ይችን አልረሳትም፤

በሩን ክፍት ትተኸው ወጥተህ በማለዳ፣
ነፋሱ ገባልኝ እንደ ሩቅ እንግዳ።

ይችን ስትል ካህናቱ እንኳ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ዘጋችው። ፊቷን ታጠበች።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ «ሰርግ» ብለን የወጣነው። ወልድያ፣ አዲስ አበባ፣ ዲላ፣ ሞያሌ። የመንገዱን መከራ ሌሎች ብዙ ጽፈውታል፣ እኔ አልደግመውም። ሞያሌ ላይ ግን አንድ የኬንያ ፖሊስ መሰንቆውን ተቀብሎ ገልብጦ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙዚቃ» አለ ሲሳይ።

«ክሩ አንድ ብቻ ነው?»

«አንድ ነው።»

«ሌሎቹን ማን ወሰዳቸው?» ፖሊሱ ወደ ጓደኛው ዞረ። «አየህ፣ እነዚህ ሰዎች የእውነት ስደተኞች ናቸው። ጊታራቸው እንኳ ተዘርፏል።»

ሳቁብን። «ኪቱ ኪዶጎ» አሉን፤ ትንሽ ነገር ማለት ነው፣ የሻይ። ስላልነበረን ዝፈን አሉት። ሲሳይ የፖሊሱን ስም ጠይቆ፣ እዚያው ቆሞ በአማርኛ አወደሰው። ፖሊሱ የገባው ስሙ ብቻ ነው፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ግን ደረቱ ያብጥ ነበር። አለፍን። «አየህ ሞላ፣ ግጥም ድንበር ያሻግራል» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ ብዙ አላየሁም።

ናይሮቢ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ገባን። ሰማዩ የእኛን ክረምት ይመስላል፣ ግን አይዘንብም፤ ጠቁሮ ውሎ ጠቁሮ ይመሻል። የእኛ ደመና ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ይወስናል። የዚህ አገሩ አይወስንም። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ገንፎ ነው፣ ግን መሐሉ ላይ ቅቤ የሚያርፍበት ጉድጓድ የለውም፤ ልቡን ያወጡት ገንፎ በሉት። ጠዋት ደረጃ ላይ የምታገኘው ሰው እንዴት አደርክ አይልህም። ብታድር ባታድር ጉዳዩ አይደለም።

ሥራ ያገኘነው እትዬ ብርቄ የሚባሉ የወልድያ ሴት ምግብ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት እንጫወታለን። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ሲሳይ ከአገር ተሸክሞት የመጣው ግጥም ነበረው። ያ እያለቀ ሲሄድ ግን አዲስ ማውጣት ነበረበት፣ ለማውጣት ደግሞ ዳገት ያስፈልገዋል፣ ኢስሊ ሜዳ ነው። ስለዚህ የምንኖርበትን ፎቅ ደረጃ መውጣት ጀመረ። ጠዋት ከማንም ጋር ሳይነጋገር ከታች እስከ ጣሪያው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያጉተመትማል። አከራያችን ማማ ዋንጉዪ አንድ ቀን በሯን ከፍታ ጠበቀችው።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ላይ።»

«ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም ማማ።»

«ታዲያ ለምን ትወጣለህ?»

«ለመውረድ።»

«ያከራየሁህ ክፍል ነው። ደረጃ አላከራየሁህም። ደግሞ ምንድን ነው የምታጉተመትመው? እየረገምከኝ ነው?»

«ስለ ፍቅር ነው ማማ፣ ዘፈን ነው።»

«ፍቅር ከሆነ ለምን እንደ አስም ያስተነፍስሃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ፎቅ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንስላት ነበር። ግጥሙም አብሮ የቀነሰ መሰለኝ። ሥራው እንዴት እንደሆነ እሱ ሲነግረኝ፣ «መጀመሪያ የሚመጣልህ ግጥም የሌላ ሰው ነው፤ እለፈው። ሁለተኛው ያንተው የትናንቱ ነው፤ እሱንም እለፈው። ሦስተኛውን ጠብቅ» ይል ነበር። ኢስሊ ውስጥ ሦስተኛው መምጣት ተወ። ከደረጃው ላብ በላብ ሆኖ ይወርድና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። የመሰንቆው ቆዳ በዚያ በማይወስን ደመና እየረጠበ ይላላል፣ ጂኮ በሚሉት የከሰል ምድጃ ላይ ያሞቀዋል። አንድ ቀን አብዝቶ አሞቀውና ቆዳው ከጠርዙ ጀምሮ ተተረተረ። ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ ዓይነት ነው። ሲሳይ ሌላ የፍየል ቆዳ ፍለጋ ወጣ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቤቱ ሞልቶ «አዲስ! አዲስ!» እያለ ሰው ሲጮህበት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ የአባታችንን ለቅሶ አወጣ። በትዝታ ዜማ። በሩን ክፍት ትተኸው ወጥተህ በማለዳ።

አፌ የለመደው መቀበል ነውና ተቀበልኩ። ነፋሱ ገባልኝ ስል ጀርባዬ ላይ ብርድ ተሰማኝ። ቤቱ ፀጥ አለ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ተነሳ። የሚያለቅስ ነበር፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርፅ ነበር። ሁሉም የራሱን ፍቅረኛ፣ የራሱን በር ነው ያሰበው። ስንወጣ፣

«አያ ሲሳይ፣ እሷ እኮ የለቅሶ ናት» አልኩት።

«የእናታችን ናት። የእናት ነገር ለልጅ ነው።»

«የእናታችን አይደለችም። የአባታችን ናት።»

ቆም ብሎ አየኝ። «ስጠኝ ታዲያ» አለኝ። «ሌላ ካለህ ስጠኝ፣ ነገ እሱን እዘፍናለሁ።» እኔ ምንም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ያችኑ ሆነች። ሰው ለእሷ ብሎ ይመጣል። ሲሳይ ደረጃ መውጣቱን ተወ። ማማ ዋንጉዪ እንኳ «ፍቅሩ አለቀ?» ብላ ጠየቀችው። የተቀረፀው ነገር ከስልክ ወደ ስልክ ዞሮ አገር ቤት ደረሰ። አንድ ጠዋት እናቴ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግነው። ሰላምታ የለም፣ ጤናችሁን የለም።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ኧረ ማንም አልሞተብንም እማ!» አለ ሲሳይ።

«ታዲያ በማን ላይ ነው የምታለቅሱት?»

«ዘፈን ነው እኮ እማ። ሰው ወዶታል።»

«እኔ ያባትህን ዘግቼዋለሁ፤ ውሃዬን ታጥቤ። አንተ ከፍተኸዋል። ሬሳ ሳይኖር ለቅሶ የከፈተ ሰው አይቼ አላውቅም።» ትንፋሿ ይሰማል። «የተከፈተ ለቅሶ ባዶውን አይቀመጥም ልጄ። ሰው ይፈልጋል። ዝጋው።»

«እሺ እማ፣ እዘጋዋለሁ።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ «እርጅና» ብሎ ሳቀ። ግን በዚያን ዕለት ምሽት ሊዘጋው ሞክሯል፣ አይቻለሁ። አፉን ከፈተ፣ የመዝጊያ ቤት ፈለገ፣ አልመጣለትም። ሰው ደግሞ «ድገመው!» እያለ ይጮሃል። ደገመው።

ከዚያ የናኩሩ ሰርግ መጣ። እዚያ የሚኖሩ ሁለት ሐበሾች ሊጋቡ ነው፣ «ያ በሩን ክፍት የሚለው ልጅ ይምጣልን» ብለው ላኩ። መኪናው ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነበር። እኔ እትዬ ብርቄ ዘንድ ልቀመጥ፣ እሱ ይሂድ ተባለ። ጠዋት መሰንቆውን እንደ ድሮው አንግቶ፣ «አየህ ሞላ፣ በመጨረሻ የእውነት ሰርግ ተገኘ» አለኝ። ክፍሉን ክፍት ትቶት ወረደ። ተከትዬው ወጥቼ ልዘጋው ስል ነፋሱ ቀድሞኝ ገባ።

ወደ ናኩሩ ሲኬድ መንገዱ በአንድ በኩል ገደል ነው፣ ጭጋግ ይወርዳል ይላሉ። የጭነት መኪና ነው የገጫቸው። ሰርጉ ላይ አልደረሰም። መሰንቆው ግን ምንም አልሆነም። አመጡልኝ። ክሯ እንኳ አልተበጠሰችም።

አስከሬኑን ልወስድ ስሄድ የሬሳ ክፍሉ ጸሐፊ ሻይ እየጠጣ ጠየቀኝ፤

«ሥራው ምን ነበር?»

«ግጥም ያወጣ ነበር።»

«እንደሱ ያለ ሥራ እዚህ የለም። ሹፌር አለ፣ አናጢ አለ፣ ነጋዴ አለ።»

«ሌላ የሚል የለም?»

«ሌላ የምንለው ሥራ የሌለውን ነው።»

«እሱ ሥራ ነበረው።»

ሰውየው አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ግጥሙን ሰው ይከፍልበት ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ነጋዴ ነው» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ የናይሮቢ ቀይ አፈር ውስጥ ነጋዴ ሆኖ ተቀበረ። ሰው መጥቷል፣ ነጠላ አዘቅዝቆ የመጣ ሞልቷል፣ ያለቀሰም አለ። ግጥም የሚያወጣለት ግን አልነበረም። አንዱ ስልኩን ከፍቶ መዝሙር አሰማን። መሐሉ ላይ ስልኩ ጠራና ተቋረጠ።

መርዶውን እንደ ደንቡ አስነገርኩ። ለነፍስ አባታችን ደውዬ፣ እሳቸው ሽማግሌ ይዘው ማለዳ ሄደው ለእናቴ ነገሯት። የሚወራውን ሰማሁ፤ አገሩ ሁሉ ያች ታላቅ አልቃሽ የገዛ ልጇን እንዴት ታለቅሰው ይሆን ብሎ ተሰበሰበ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ዝም አለች፣ ዝም እንዳለች ቀረች። ሴቶቹ ፈርተው እየተያዩ ወደየቤታቸው ሄዱ። ከቀናት በኋላ ራሷ ደወለችልኝ።

«አፌ ላይ የሚመጣው ያው በሩ ነው» አለችኝ። «በሩን ክፍት ትተኸው። እሱ ደግሞ ተዘፈነ፣ አለቀ። ለልጄ የምለው አጣሁ ሞላዬ።»

«ምን ላድርግ እማ?»

«አፈር ያለበስከው አንተ ነህ። አልቅሰውና ዝጋው። እስከ አርባው ድረስ ዝጋው።»

«እኔ ተቀባይ ነኝ እማ። አውጥቼ አላውቅም።»

«ሰጪው ሞቷል። ከማን ልትቀበል ነው?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ዝጋው።»

የምፈራው ነገር ይሄ ነው። አሁን ገባችሁ። በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም ብዬ ልጽፍላችሁ ነበር፣ ባዮሎጂ ተምሬያለሁ ብዬ። ግን ማታ በሩን መዘጋቱን ሳላረጋግጥ አልተኛም፤ ተነስቼም መልሼ አየዋለሁ።

እትዬ ብርቄ ከሐዘኑ በኋላ እጄን ይዘው «ሞልዬ፣ ሰው እየጠየቀ ነው» አሉኝ። «ያችን የበሩን ብትልላቸው። ለእሱም መታሰቢያ ይሆነዋል።» ለእኔም አስበው ነው፣ አውቃለሁ፤ ቁርሴን የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «አልችልም እትዬ» አልኳቸው። «ቃሏን ታውቃት የለም እንዴ?» አሉ። ታውቃለህ ወይ ብሎ ነገር! እሷን ብቻ እኮ ነው የማውቀው። ለሌላ ግጥም አፌን በከፈትኩ ቁጥር እሷ ትገባለች።

ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። ስልኬ ላይ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። የሚመጣው ሁሉ ለማንም ሟች የሚሆን ነው፤ አንበሳው፣ ዋርካው፣ የቤቱ ምሰሶ። ሲሳይ አንበሳ አልነበረም። ደረጃ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ቆዳ የሚያቃጥል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛ ሰው ነበር። ያን እንዴት ቤት ታስመታዋለህ? ስለዚህ እኔም ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ። ጠዋት፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር። ማማ ዋንጉዪ በሯን ከፈተች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወንድምህ ሞቷል አላልከኝም?»

«ሞቷል ማማ።»

«ትናንትም ዛሬም ደረጃው ላይ ሰማሁት።»

«እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንተ ነህ?» አለች። ከዚያ ስለ ኪራዩም ስለ ደረጃውም ምንም ሳትል በሯን ዘጋች፤ ከውስጥ ስትቆልፈው ሰማሁ።

በየጠዋቱ ወጣሁ። የመጀመሪያው ግጥም የሌላ ሰው ሆኖ መጣ፣ አለፍኩት። ሁለተኛው የሲሳይ ሆኖ መጣ፣ እሱን ለማለፍ ብዙ ጠዋት ፈጀብኝ። ከዚያ ከላይኛው ፎቅ በታች ባለው መታጠፊያ ላይ አንድ ቤት ብቻዋን መጣች። ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሁለተኛዋን ቤት ስጠብቅ አርባው ደረሰ።

ያን ዕለት ጠዋት እናቴ ደወለች። ከኋላዋ ሰው አለ፤ የሴቶች ሳል፣ የካህናቱ ድምፅ ይሰማል።

«ነጠላዬን አስሬያለሁ» አለች። «ሰዉ እየሰማህ ነው። በል።»

ያችኑ አንዷን ቤት አልኳት፤

«ሰርግ ነው ብለህ ወጣህ መሰንቆህን አዝለህ፣»

ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት «እህህ» አለች፣ ሌላዋ ተከተለቻት። ያቺ የእኔ ናት። ማንም አልሰጠኝም። እናቴ ግን እየጠበቀች ነው።

«ሁለተኛዋስ?»

«አልመጣችም እማ።»

«ወዴት ነህ አሁን?»

«ቤት ነኝ።»

«ቁጭ ብለህ ነው?»

«ቁጭ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ተነስ። ያ ወንድምህ ይወጣው የነበረውን ደረጃ ውጣ። እኔ ስልኩን ይዤ እቆያለሁ። የትም አልሄድም።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወጣሁ። ትንፋሼ ይሰማታል፣ የእሷም ይሰማኛል፤ እኩል እኩል እየሆነ መጣ፣ አሸተን ሽቅብ እጄን ይዛ ስታወጣኝ እንደነበረው። በማማ ዋንጉዪ በር ሥር ብርሃን ይታያል፣ ቆማ እያዳመጠች ነው። መታጠፊያውን አለፍኩ። የመጀመሪያዋን ቤት ደጋግሜ አልኳት፣ ጫፏ ላይ ስደርስ እግሬን አነሳለሁ፣ የሚረግጠው ያጣል። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከዚያ ደረጃው አለቀ። ጣሪያው ላይ የማማ ዋንጉዪ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፣ ያ የማይወስነው ደመና ከላዬ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ነገር የለም።

«ደረስህ?» አለች እናቴ።

ከኋላዬ የጣሪያው በር በነፋስ ተከፍቶ ይንቋቋል።

«ገና ነኝ እማ» አልኳት። «ገና እየወጣሁ ነው።»